አሮጌው የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሳሙናውን ያወጣል? እከኩንስ ይገድላል?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ልብስ አጠባ ነው። «ዶክተር፣ ልብስ ማጠብ ደግሞ የሐኪም ጉዳይ ሆነ እንዴ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ግን እዚህ ሞጆ ተመላላሽ ክፍል ስቀመጥ፣ አሳከከኝ ብሎ የሚመጣ ሰው የማላይበት ቀን ጥቂት ነው። ቅባት ወስዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚመጣም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ ብዬ የምጠይቀው «አንሶላና ልብስ እንዴት ነው የምታጥቡት?» ብዬ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ «ኧረ እኛ ማሽን አለን» ነው።

ማሽኑ ሲነገረኝ በአብዛኛው የድሮው ዓይነት ነው። ከላይ የሚከፈት፣ ሁለት ጉድጓድ ያለው፣ በአንዱ የሚያጥብ በሌላው የሚጨምቅ፣ ውሃውን በባልዲ ወይም በጎማ የምንሞላለት። እኔ ይህን ማሽን አልንቀውም። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ከአዳዲሶቹ ይልቅ ይመቻል፤ የቧንቧ ግፊት ሳይጠብቅ በጀሪካን ውሃ ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን በራሱ አያደርግም። አንደኛ፣ እኛ ካላዘዝነው አያለቀልቅም። ሁለተኛ፣ ውሃ አያሞቅም። እነዚህን ሁለቱን እኛ ካልሠራንለት ሳሙናውም ተባዩም ልብሱ ላይ ይቀራሉ፤ ቀጥሎ የሚነካቸው ደግሞ ቆዳችን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማለቅለቅንና ሙቀትን እንማራለን።

1. መጀመሪያ፣ የሚያሳክከን የትኛው ነው?

👉 የሳሙና ቅሪት ሲሆን፦ ማሳከኩ ልብስ በሚጠብቅበት ቦታ ይብሳል። የሱሪና የውስጥ ሱሪ ላስቲክ የሚያርፍበት ወገብ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የአንገት ዙሪያ። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሻክራል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ላብ ሲመጣ ያቃጥላል። ብዙ ጊዜ ከቤቱ አንድ ሰው ላይ ብቻ ይታያል፣ በተለይ ሕፃን ልጅ ላይ ወይም አስምና አለርጂ ያለበት ሰው ላይ።

👉 እከክ ሲሆን፦ ማሳከኩ ሌሊት ሌሊት ይብሳል። በእጅ ጣቶች መካከል፣ የእጅ አንጓ ላይ፣ እምብርት ዙሪያ፣ መቀመጫ ላይ፣ ወንዶች ላይ ብልት አካባቢ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣል። ሕፃናት ላይ መዳፍና ውስጥ እግር ላይም ይታያል። ዋናው ምልክቱ ግን ከቤቱ ሰው ከአንድ በላይ ማሳከኩ ነው።

እከክ የሚያስይዘን ቆዳችን ውስጥ ቦይ ቆፍራ የምትኖር በዓይን የማትታይ ተባይ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። አገራችንም በ2015 እና 2016 እ.ኤ.አ. በድርቁ ጊዜ፣ በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ትልቅ ወረርሽኝ አይታለች። እባካችሁ እከክ የያዘውን ሰው አታሸማቅቁ። ንጹሕ ሰውንም ይይዛል፤ ተጠጋግቶ መተኛት ብቻ ይበቃዋል።

2. ሳሙናው እንዲወጣ እንዴት እንጠብ?

ሳሙና ቅባትን ከውሃ ጋር ያስታርቃል። ቅባቱ፣ ላቡና ቆሻሻው ከጨርቁ ለቆ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ቆሻሻው ገና ከልብሱ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ልብሱ ንጹሕ የሚሆነው ያ ውሃ ከጨርቁ ሲወጣ ነው።

የሳሙናን ኃይል አቅልላችሁ እንዳታዩት አንድ የአገራችንን ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶ/ር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ስለ ብልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዚያን የሚያሰራጩት ቀንድ አውጣዎች ስለሆኑ ትልቅ ግኝት ሆነ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ለዛሬው ትምህርታችን የምወስደው ግን ይህን ነው፦ ልብስ የሚያነጣ ነገር ሕይወት ያለውን ነገርም ይነካል። የዛሬው ዱቄት ሳሙናም ቆዳችን ላይ ሲቆይ ተፈጥሯዊ ቅባቱን ይገፈዋል።

እሺ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው፦

✅ ልብሱን ለዩ። ነጭ ከቀለም፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ ከሌላው፣ የበሽተኛ ልብስ ለብቻው። ኪስ ፈትሹ፣ ዚፕ ዝጉ።

✅ አትጠቅጥቁ። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ውሃና ልብስ ከገባ በኋላ ልብሱ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲገላበጥ መታየት አለበት። አንድ ላይ ተጠቅልሎ ወዲህ ወዲያ የሚል ከሆነ በዝቷል፤ መሃል ያለው አልታጠበም ማለት ነው። ጋቢና ቡሉኮ ውሃ ሲጠጡ በጣም ስለሚከብዱ ማሽኑ ከቻላቸው አንድ በአንድ ብቻ፤ ካልቻላቸው በሳፋ።

✅ ሳሙናውን አስቀድማችሁ አሟሙ። ልብስ ላይ ዱቄት መበተን ይቅር። በጆግ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በጥብጡትና መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ቀላቅሉት፤ ልብሱ ከዚያ ይግባ። ያልሟሟ ዱቄት ስፌትና ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

✅ በእፍኝ አትገምቱ። ፓኬቱ ላይ ያለውን መጠን ተከተሉ። «አረፋ ከበዛ ይጠራል» የሚለው አስተሳሰብ ልክ አይደለም። ለእጅ አጠባ የተሠራ ዱቄት ብዙ አረፋ አለው፤ አረፋው ደግሞ ልብሱ እርስ በርሱ እንዳይፋተግ ያደርጋል፣ ሲለቀለቅም አልወጣ ይላል።

✅ ከማለቅለቃችሁ በፊት ጭመቁ። የዛሬው ትልቁ ምክሬ ይህ ነው። ብዙዎቻችን አጥበን፣ ውሃውን ደፍተን፣ እዚያው ላይ ንጹሕ ውሃ እንሞላለን። ለምሳሌ ያህል ያልተጨመቀው ልብስ 10 ሊትር የሳሙና ውሃ ይዟል እንበል። 30 ሊትር ንጹሕ ውሃ ብትጨምሩበት ከሳሙናው አንድ አራተኛው ይቀራል። መጀመሪያ በመጭመቂያው ብታሽከረክሩትና የያዘው ውሃ ወደ 2 ሊትር ቢወርድስ? በዚያው 30 ሊትር የሚቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ያው ውሃ፣ ያው ሳሙና፣ ውጤቱ ግን አራት እጥፍ የተሻለ። ውሃ በሚቸግርበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

✅ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። እጠቡ፣ ጭመቁ፣ አለቅልቁ፣ ጭመቁ፣ አለቅልቁ፣ ጭመቁ። የመጨረሻው ውሃ አረፋ የሌለውና በእጅ ሲነካ የማያሟልጭ መሆን አለበት። የሕፃን ልብስ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ሦስተኛ ጊዜ ጨምሩ፤ ሽቶ ያለው የልብስ ማለስለሻም ይቅርበት።

ውሃ ለመቆጠብ የነጩን ልብስ የሳሙና ውሃ ለባለቀለሙ፣ ከዚያ ለሥራ ልብስ መጠቀም ይቻላል። የታመመ ሰው ልብስ የታጠበበትን ውሃ ግን ወዲያው ድፉት።

3. ሙቀት፦ እከክና የልብስ ቅማል

እዚህ ላይ አንድ ቤተሰብ ላንሳ። ሦስት ልጆች ያሏት እናት ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። «ዶክተር፣ ቅባቱ አልሠራም» አለችኝ። ቁጭ ብለን ስናወራ ነገሩ ሌላ ሆነ። ቅባቱን የተቀቡት ልጆቹ ብቻ ናቸው። አባትየው «እኔን መች አሳከከኝ» ብሎ ትቶታል። አንሶላው በማሽን ታጥቧል፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ልጆቹ ሌሊት አብረው የሚለብሱት ጋቢ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ስለማይገባ ጭራሽ አልታጠበም።

እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ግን ለሌላው ያስተላልፋል። አባትየው እንዲያ ነበር። እናም በአንድ ሌሊት ሁሉም ተቀቡ፣ አንሶላውን በሙቅ ውሃ አጠቡ፣ ጋቢውን በፌስታል አሰሩ። ከወር በኋላ ሲመጡ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ይተኙ ነበር።

በግልጽ ልናገር፦ እከክ በዋናነት የሚተላለፈው በቆዳ ንክኪ ነው፣ ልብስ ሁለተኛ ነው። ስለዚህ ልብስ ማጠብ ብቻ አያድንም። መድኃኒቱን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መጠቀም አለበት፤ አጠባውም በዚያው ቀን።

የእከክ ተባይ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት 10 ደቂቃ ከቆየች ትሞታለች። ማሽናችን ውሃ ስለማያሞቅ ሥራውን ከማሽኑ ውጭ እንሠራለን።

👉 ከሕክምናው በፊት ባሉት 3 ቀናት የተለበሰውን ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ ሰብስቡ።

👉 ውሃ አፍሉ። ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

👉 በብረት ሳፋ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል። እኩል ለእኩል ብትቀላቅሉት 57 አካባቢ ይሆን ነበር፤ ግን ሳፋውም ልብሱም ሙቀት ስለሚወስዱ ቶሎ ከ50 በታች ይወርዳል።

👉 ልብሱን ሙሉ በሙሉ በእንጨት አጥልቁት፣ ክዳን አድርጉና 20 ደቂቃ ተዉት። ሲበርድ ወደ ማሽኑ አስገብታችሁ እንደተለመደው እጠቡ።

👉 የፈላ ውሃ ቀጥታ ማሽኑ ውስጥ አትጨምሩ፤ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ሳፋው ባለበት ልጅ አይጠጋ። የቃጠሎ ሕክምና ከእከክ ሕክምና በብዙ ይከብዳል።

👉 በሙቅ ውሃ የማይታጠበውን ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ጃኬት፣ የልጅ አሻንጉሊት በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ ለአንድ ሳምንት እሰሩት። ተባይዋ ከሰው ገላ ከተለየች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን በላይ አትኖርም። ምንም ውሃ፣ ምንም ሳሙና አያስፈልግም።

ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህ ቅባቱ አልሠራም ማለት አይደለም። አዲስ ሽፍታ ከወጣ ግን ተመለሱ።

የልብስ ቅማልም በዚሁ ሙቅ ውሃ ይጠፋል። የልብስ ቅማል የሚኖረውም እንቁላሉን የሚጥለውም ስፌት ውስጥ ነው። በአገራችን ዛሬም የሚታየውን የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያስተላልፈው እሱ ነው። አንድ ክፍል ተጋርታችሁ የምትኖሩ የቀን ሠራተኞች ካላችሁ፣ ልብሱ ከደረቀ በኋላ ስፌቱን በደንብ በጋለ ካውያ ተኩሱት። ፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም ነጭ ጋዝ ልብስና ገላ ላይ ማድረግ ግን በፍጹም አይሆንም!

4. ተቅማጥ ያለበት ሰው ልብስና በረኪና

ሰገራ የነካው ልብስ ቀጥታ ማሽን ውስጥ አይገባም። ጓንት አድርጋችሁ ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፉ፣ ልብሱን ለብቻው በሙቅ ውሃ ከላይ እንዳልነው ዘፍዝፉ። ነጭ የጥጥ ልብስ ከሆነ በረኪና መጠቀም ትችላላችሁ፦ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሲኒ ተኩል ገደማ፣ ለ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፤ 30 ደቂቃ ዘፍዝፎ በደንብ ማለቅለቅ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

በረኪና ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ፦

❌ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አይቀላቀልም። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

❌ ሽንት ያለበት የሕፃን ጨርቅ ላይ ቀጥታ አይፈስም። ሽንቱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። መጀመሪያ በውሃ ብቻ አለቅልቁት።

❌ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥም። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ አታስመልሱት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ኑ።

5. የሥራ ልብስ፦ ይህ በተለይ ለእኛ አካባቢ ሰው ነው

ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ደግሞ፣ እስከ ቆቃና መቂ ድረስ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል። ጸጉር ለማራገፍ የሚገባው ኖራና ሰልፋይድ፣ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ፣ ሁሉም በሥራ ልብስ ቤት ድረስ ይመጣል።

✅ የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር በፍጹም አንድ ላይ አይታጠብም፤ አንድ ቅርጫት ውስጥም አይጠራቀም።

✅ የርጭት ልብስ በዚያው ቀን ይታጠብ። ጓንት አድርጉ፣ መጀመሪያ በውሃ ብቻ አለቅልቁት፣ ከዚያ ማሽኑን ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት ልብስ ብቻ አስገቡ። ሁለት ጊዜ እጠቡ።

✅ ከዚያ ማሽኑን ያለ ልብስ በውሃና ሳሙና አንድ ዙር አሽከርክሩት። አለበለዚያ ቀጥሎ የሚገባው የሕፃን ልብስ የተረፈውን ይወስዳል።

✅ መድኃኒቱ ሳይበጠበጥ በቀጥታ የፈሰሰበት ልብስ አይታጠብም፤ ይወገዳል።

✅ የአጠባው ውሃ ጓሮ አትክልት ላይም ወንዝ ዳርም አይደፋ።

የርጭት ልብስ የነካ ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ካስመለሰው፣ ዓይኑ ከደበዘዘ ወይም መተንፈስ ካቃተው አትጠብቁ። ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው አምጡት።

6. ማድረቅና ማሽኑን መንከባከብ

ታጥቦ ማሽን ውስጥ ያደረ ልብስ ይሸታል፤ ሽታው የባክቴሪያ ሥራ ነው። እንዲህ ከሆነ እንደገና እጠቡት፣ ሽቶ አይሸፍነው። ሞጆ የፀሐይ ችግር የለባትም፤ ልብሱን ገልብጣችሁ፣ ዘርግታችሁ፣ ስፌቱ ጭምር እስኪደርቅ አውሉት። ካልሲና የውስጥ ሱሪ እርጥብ ሆኖ መልበስ ለፈንገስ በር መክፈት ነው። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ከተሰጣ መስኮት ይከፈት፤ እርጥበት አስም ያለበትን ሰው ያስነሳበታል።

ማሽኑም ይታጠባል። በወር አንዴ ባዶውን በሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) እና በጥቂት በረኪና አሽከርክሩት፣ ከዚያ አለቅልቁት። የጨርቅ ብናኝ የሚሰበስበውን ወንፊት አጽዱ። ሥራ ሲያልቅ ውሃው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ።

ስለ አደጋ ሁለት ቃል፦ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ መሬት መስመር የሌለው ሶኬት ላይ አትሰኩ፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር አትቁሙ። መጭመቂያው ክዳኑ ሲከፈት ቶሎ የማይቆም ከሆነ ሳይሠራ አትጠቀሙበት፤ የልጅ ጣት ይጠመዝዛል። ውሃ የሞላ ማሽን፣ ባልዲ ወይም ሳፋ አጠገብ ሕፃን ለብቻው አይተው።

በአጭሩ፦

👉 አትጠቅጥቁ፣ ሳሙና ለኩ፣ አሟሙ።
👉 ከማለቅለቅ በፊት ጭመቁ፤ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ።
👉 እከክ ካለ ሙቅ ውሃ ወይም ፌስታል፤ መድኃኒቱ ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን።
👉 የሥራ ልብስ፣ የበሽተኛ ልብስ ለብቻ።

አጠባችሁን አስተካክላችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላም ማሳከኩ ካልቀነሰ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ወይም ትኩሳት ካለ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ጽሑፍ ምርመራን አይተካም። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ የእከክ መድኃኒት ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ ይታዩ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ እንደተመቸኝ እመልሳለሁ። ቤታቸው እንዲህ ዓይነት ማሽን ላላቸው ወዳጆቻችሁ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው፣ ሼር አድርጉላቸው።

ጤና ይብዛላችሁ! 🙏